መጀመሪያ ጤነኛውን እግር

ባለፈው ወር ሥራ አቆምኩ። እኔ አልበቃኝም ነበር፤ በቃን ያሉት አውራ ጣቶቼ ናቸው። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ሲያይ ቆየና «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። ወጌሻ ነኝ አልኩት። «ታዲያ ራስህን አታሽም?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሐኪም ሲቀልድ አብሮ መሳቅ ደንብ ነውና እኔም ሳቅኩ። ከእንግዲህ በእነዚህ ጣቶች ከማንኪያ የከበደ ነገር እንዳላነሳ አዘዘኝ። ማንኪያ ደግሞ አይታሽም።

ጅቡቲ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰው አሽቻለሁ። የወደብ ተሸካሚ አሽቻለሁ፣ የከባድ መኪና ሹፌር አሽቻለሁ፣ የሀብታሞቹን ሰፈር የሀራሙስን ቪላ ዘበኞች አሽቻለሁ፤ አንድ ጊዜም ግመል አሽቻለሁ፣ ባለቤቱ ለምኖኝ እንጂ ግመሉስ አልፈለገም ነበር። ሰዉ ግን የሚያውቀኝ የዚያ ማሸነፍ የተሳነው ቡድን ወጌሻ በመሆኔ ነው። ዛሬም በካርቲየ ሰባት ቢስ ሰፈር ሳልፍ ሻይ ቤት የተቀመጡት ሽማግሌዎች «ዛሬስ ስንት ለስንት?» ይሉኛል። ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ ስለ ቡድኑ ላወራ ነበር፤ ነገር ግን አንድ እግር አለብኝ፤ እሱን ሳላነሳ አልጨርስም።

የመጣሁት በፈረንጆቹ 1998 ነው፤ የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ። የአገራችን ጭነት ሁሉ ድንገት ወደ ጅቡቲ የዞረበት ጊዜ ስለነበር መንገዱ ላይ ከአስፋልቱ መኪናው ይበዛ ነበር። ሹፌሬ አያሌው ይባላል። አንድ ወሬ ሲጀምር ሌላ ወሬ ከኋላው ስለሚጎትት ሹፌሮቹ «አያሌው ተሳቢ» ይሉታል። አንድ ቀን ወደብ ውስጥ ሸራ ስወጥር ገመዱ ተበጠሰና ከጭነቱ ላይ ወረድኩ። እኔ በአንድ በኩል ወረድኩ፣ ትከሻዬ በሌላ በኩል።

አያሌው እየጎተተ የወሰደኝ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ወደሚኖሩ ጋሽ ደበበ ወደሚባሉ ወጌሻ ነው። ጋሽ ደበበ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እጃቸው ከሰውነታቸው በሁለት ቁጥር የሚበልጥ። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ቁመቷ ያጠረ አግዳሚ ወንበር አለች፤ እሷ ላይ አስቀመጡኝና ጤነኛውን ትከሻዬን ያዙ።

«ያኛው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በል፤ ገና እየጠየቅኩ ነው» አሉኝ። ጤነኛውን ትከሻ ቀስ ብለው ዳሰሱት፣ አዞሩት፣ ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ወደ ታመመው ዞሩና ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ረጋ ብለው «ለመሆኑ አማትህ ማን ይባላሉ?» አሉ።

«አማት የለኝ...» ቋ! ትከሻዬ ቤቷ ገባች።

እዚያው ቀረሁ። አያሌው ሌላ ረዳት ፈልጎ ሄደ፤ እኔ ለጋሽ ደበበ ውኃ አሞቂ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ቅባት ያዥ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የወለምታ አለቃ። ውልቃትና ስብራት ግን ቶሎ አልሰጡኝም።

ጋሽ ደበበ ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው የአማት ነገር ነው። ሰው ድንገት ስለ አማቱ ሲጠየቅ ሐሳቡ ወዲያ ስለሚሄድ ጅማቱ ይላላል፤ በዚያች ቅጽበት ይስቡታል። ዘዴው ግን በከተማው ታወቀባቸውና አማት የምትለውን ቃል ገና ሲጀምሩ ሰዉ መጮህ ጀመረ። ስለዚህ አንዳንዴ ጠይቀው ዝም ይላሉ፤ በሽተኛው ስም ነግሯቸው፣ አማቱን አምቶ ጨርሶ ሲዝናና ያኔ ይስቡታል።

ሁለተኛው፣ ሰው ቆሞባቸው አይሠሩም። አስታማሚ፣ ጓደኛ፣ አለቃ፣ ማንም ቢሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቆም አለበት። አንድ ጊዜ አንድ የወደብ ሹም ከነጠባቂዎቹ መጥቶ ሁሉም ተሰልፈው ቆርቆሮ አጥር ሲያዩ ደርሻለሁ። «ሰው የቆመብህ ጊዜ እጅህ ለበሽተኛው መሥራት ትቶ ለቆመው ሰው ይሠራል» ይሉ ነበር።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጤነኛውን እግር መያዝ ነው። ሰው ሁሉ አካሉ የየራሱ ነው፤ የአንዱ ቁርጭምጭሚት ከተፈጥሮው ያበጠ ይመስላል፣ የሌላው አጥንት ወጣ ያለ ነው። የታመመውን ምን እንደሆነ የሚነግርህ ጤነኛው ወንድሙ ነው። ወለምታ ከሆነ ከአጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ነው የሚያመው፤ አጥንቱን ራሱን ስትነካ ዘሎ ከተነሳ ግን እጅህን አንሳና ወደ ሐኪም ቤት ስደድ። ይህን በየቀኑ፣ ውኃው እስኪፈላ ድረስ፣ ለስድስት ዓመት ነግረውኛል። ኋላ ያገባኋት ሴት ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች ስለነበረች፣ ለአማቱ ጥያቄ እስከ ዛሬ የተለየ መልስ አላገኘሁም።

ወደ ቡድኑ የገባሁት በሙሴ ሮብሌ ወገብ በኩል ነው። ሙሴ ሮብሌ የትራንዚት ቢሮ ባለቤት ነበር፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው እንደ ውኃ ይፈሳል። የሻይ ብርጭቆ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ወገቡ ተቆለፈ፤ ጋሽ ደበበ ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር እኔ ተላክሁ። ወገቡ በሦስት ቀን ተከፈተ። ሙሴ ሮብሌም በአንደኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ቡድን እንዳለው ነገረኝና በዚያው ወጌሻ አድርጎ ቀጠረኝ። ደመወዙን ተዉት፤ ዋናው ነገር የመኖሪያ ወረቀት አወጣልኝ። ጋሽ ደበበ ሲመርቁኝ «እዚያ ብዙ ሰው ይቆምብሃል» አሉ። ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

ሁለት ዓመት እንዲሁ ከታች ከፍ፣ ከመሀል ዝቅ ብለን ቆየን። ሦስተኛው ዓመት ግን ሌላ ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ አቻ ልንወጣ አንድ ደቂቃ ሲቀር የገዛ ተከላካያችን በግንባሩ አስቆጠረብን፤ በጣም የሚያምር ግብ ነበር። አሰልጣኛችን ኮች ዑመር የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበር ሽንፈትን ሁሉ በነፋስ ያስረዳል። «ከባሕር ነበር የሚነፍሰው» ይላል። ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ቀን ስንሸነፍ ደግሞ «ነፋስ ጠፋ እኮ! በምን ይተንፍሱ?» ይላል።

የእኔም ሥራ በዛ። የሚሸነፍ ቡድን ወጌሻ እንደሚያሸንፈው ቡድን ወጌሻ ቁጭ አይልም፤ ልጆቹ ሲሸነፉ ይወድቃሉ፣ ሲወድቁ ያማቸዋል፣ ሲያማቸው ደግሞ ረጋ ብሎ ያማቸዋል። ሰው ሠራሹ ሳር በዚያ ሙቀት እንደ ምጣድ ይግላል፤ ወድቆ የተንሸራተተ ልጅ ጉልበቱ ይላጣል። ለዚህ ሁሉ በረዶ ያስፈልጋል። በረዶ በጅቡቲ ፀሐይ ከእረፍት በፊት ውኃ ስለሚሆን፣ የተሰባበረውንና የጠጠረውን ከዓሣ ሻጮቹ እየገዛሁ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እወስድ ነበር። በረዶው አይቀልጥም፤ ነገር ግን ቡድኑ በሙሉ ዓሣ ዓሣ መሽተት ጀመረ። አውቶቡሳችን የቆመበት ሁሉ ድመት ይሰበሰባል። ልጆቹ ተጣጥበው፣ ሽቶ ተቀብተው ይገባሉ፤ ድመቶቹ ግን አይሸወዱም።

ደጋፊ አልነበረንም ማለት ይቻላል። የነበሩን ወደብ ላይ ተራ የሚጠብቁ የአገራችን ሹፌሮች ብቻ ናቸው። ስታዲየሙ ጥላ አለው፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚሰድቡትም ሰው አያጡም። አለቃቸው ያው የጥንት ሹፌሬ አያሌው ተሳቢ ነበር። እኔ ጆንያዬን ይዤ ወደ ሜዳ በሮጥኩ ቁጥር ቆሞ «ወጌሻ! አንተ ሜዳው ላይ ቅር! አጥቂው ይውጣ!» ይላል። ሌሎቹ ያጨበጭባሉ።

ከልጆቹ ሁሉ ጎበዙ ሙክታር ነበር፤ ድሬዳዋ ተወልዶ በአሮጌው ባቡር የመጣ አጥቂ። የድሬ ልጅ ስለሆነ ለሙሴ ሮብሌም አንተ፣ ለዳኛውም አንተ፣ ለእኔም አንተ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ለክረምቱ ሙከራ ጠርቶት ነበር፤ የጥሪውን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ በካልሲው ውስጥ ይዞ ይጫወት ነበር። «ሰፈር ካስቀመጥኩት ይሰረቃል አቦ፤ እግሬ ላይ ግን ማንም አይደርስበትም» ይለኛል።

ሊጉ ሊያልቅ ሲል አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሴ ሮብሌ በርጫው ላይ አስጠራን። ትራሱን ተደግፎ ነበር፤ አስር ያህል የከተማው ሰዎች አብረውት አሉ።

«ሰው እየሳቀብኝ ነው» አለ። «ጉምሩክ ወረቀት ልፈርም ስሄድ፣ ያኒ ወረቀቱን ሳይሰጡኝ መጀመሪያ ውጤት ነው የሚጠይቁኝ። ቡድኑን ላፈርሰው ነው።»

ኮች ዑመር ስለ ነፋሱ ሊጀምር ሲል እጁን አነሳበት።

«ቆይ። ጨካኝ አይደለሁም። አንድ ጨዋታ አሸንፉ። አንድ ብቻ። ካሸነፋችሁ አላፈርስም፤ ዋላሂ።»

ሰው በርጫ ላይ የማለውን ጠዋት ይረሳዋል፤ ሙሴ ሮብሌ ግን በአስር ምስክር ፊት ምሎ ተያዘ። እኔም ቤቴ ሄጄ የመኖሪያ ወረቀቴን አወጣሁና አየሁት። ቡድኑ ከፈረሰ ወረቀቱም አብሮ ይፈርሳል፤ ሚስቴ ደግሞ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። የቀሩን አራት ጨዋታዎች ነበሩ። ሦስቱን ተሸነፍን።

በመጨረሻው ቀን የገጠመን ቡድን ከእኛ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነበር፤ እኛ የመጨረሻዎቹ ስለሆንን ከዚያ በታች የሚሆን አልነበረም። ከእረፍት በኋላ ኳሷ ወደ ሙክታር ሄደች። ሊይዘው የተመደበው ተከላካይ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አፍንጫውን ሲያሽ፣ ለዳኛው ሲከስ የነበረ ነው፤ በዓሣው ሽታ ምክንያት ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ለሙክታር ሁለት እርምጃ ይበቃዋል። አንድ ለዜሮ!

እንዴት ደስ እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። ልጆቹ ተያዩ። በረኛችን ወደ ዳኛው ሮጦ የሚጀምረው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ በልማዱ እኛ የምንጀምር መስሎት ነው። ኮች ዑመር እጁን አውጥቶ ነፋሱን ለካ። ሹፌሮቹ ደግሞ ለመስደብ የተዘጋጁበትን አፍ ወዴት እንደሚያዞሩት ቸገራቸው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሙክታር ተጠልፎ ወደቀ። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ነው። ጆንያዬን ይዤ ሮጥኩ። ተንበርክኬ ገና ካልሲውን ሳወርድ አንድ ጥላ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ቀና ስል ሙሴ ሮብሌ ከነ ነጭ ጫማው ሜዳ ገብቷል። ኮች ዑመርም ከጎኑ ቆሟል። ቅያሬ ጨርሰናል።

«ምንድን ነው? ይቀጥላል አይደል?» አለ ሙሴ ሮብሌ። «ወጌሻ፣ ይቀጥላል በለኝ!»

በረድፍ የተቀመጡት ሹፌሮች ቆመዋል። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። በአውራ ጣቴ አጥንቱን ጫን አልኩት። ሙክታር የመለያውን አንገት ነከሰ። ፊቱን አየሁት፤ ፊቱ ነግሮኝ ነበር። እሱ ግን «እሰረው በቃ፣ አቦ! እሰረውና ልነሳ» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ከዚያው ከጎኑ የተዘረጋ ጤነኛ እግር ነበር። እጄን አንድ ስንዝር ባዘዋውር ሁለቱን አስተያይቼ የአጥንቱን ቦታ መልቀቅ በዓይኔ አየው ነበር። አልነካሁትም። «ወለምታ ናት» አልኩ፤ ያልኩትም ለሙክታር አልነበረም፣ ለነጩ ጫማ ነው። ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ እስር አስሬ አላውቅም።

ተነስቶ ተጫወተ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የማዕዘን ምት ተሰጠብን፤ ሙክታር ለመከላከል ተመልሶ በግንባሩ አወጣትና መሬት ሲያርፍ የቁርጭምጭሚቱ ድምፅ እስከ ተቀያሪ ወንበሩ ተሰማ። እኔ ቋ ሲል መስማት የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ይኼኛው ግን የመግባት ድምፅ አልነበረም።

ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። አሸነፍን። ወደ ሙክታር መሮጥ ስጀምር ሹፌሮቹ አጥሩን ዘለው ገቡ፤ አያሌው እንደ ጆንያ ስኳር ከመሬት አነሳኝና ትከሻ ላይ አወጡኝ። አጥቂውን አስሮ የመለሰው ወጌሻ ነው፣ ድሉ የወጌሻው ነው እያሉ «ወጌሻ! ወጌሻ!» ብለው ዘፈኑ። አውርዱኝ ብዬ ጮህኩ፣ ጭንቅላታቸውን መታሁ፣ አለቀስኩ፤ የደስታ መሰላቸውና ይበልጥ ወረወሩኝ። ከላይ ሆኜ ቃሬዛው በሌላኛው በር ሲወጣ አየሁ። አንዲት ድመት ከኋላው ትከተል ነበር።

ማታ ጋሽ ደበበ ዘንድ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጤነኛውን ይዘኸው ነበር?»

«አልያዝኩትም፣ ጋሼ።»

ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አጥር አዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙክታር በሐኪም ቤት ብረት ገባለት፣ ጄሶ ታሰረለት። የአዲስ አበባው ክረምት አለፈ። ጄሶው ሲፈታ ጋሽ ደበበ በዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ አርባ ቀን አሹት። እኔ ውኃ አሞቅ ነበር እንጂ እግሩን ልነካ አልደፈርኩም። ከዚያ በኋላ ሮጦ አያውቅም። አያሌው ረዳት አድርጎ ወሰደው፤ ቆይቶም መንዳት አስተማረው።

ያ ሁሉ የተከፈለበት ቡድን ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ሙሴ ሮብሌ መሐላውን ጠበቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ራሱ ቢሮውን ሸጦ ፈረንሳይ ልጆቹ ዘንድ ሄደ። ወረቀቴን ከመሄዱ በፊት አስተላልፎልኝ ስለነበር እኔ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ፒኬ 12 ሄጄ የሹፌሮች ወጌሻ ሆንኩ። ጋሽ ደበበ አረፉ፤ አግዳሚ ወንበራቸውን ወረስኩ። የሙክታርን መኪና ቆሞ ባየሁ ቁጥር በሌላ በኩል ዞሬ እሄድ ነበር። አስር ዓመት እንደዚያ ዞርኩ። ሰው ከመኪና መደበቁ ያስቃል፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

አሁን አዲሱ ባቡር መጥቷል፣ ሹፌሮቹም ሥራው ሊቀንስ ነው እያሉ ያወራሉ። በየቦታው በሽቦ የሚያሽ መሣሪያ ያላቸው ወጣት ባለሙያዎች ቤት ከፍተዋል፤ አማት አይጠይቁም። ባለፈው ወር አግዳሚ ወንበሬን በጋሪ ጭኜ ከፒኬ 12 ልሄድ ስል አንድ ከባድ መኪና መውጫዬ ላይ መጥቶ ቆመና ዘጋኝ። የሚዞርበት ሌላ በኩል አልነበረም።

ሙክታር በቀስታ፣ መጀመሪያ ቀኝ እግሩን፣ ቀጥሎ ግራውን አውርዶ ወረደ። ሆድ አብቅሏል።

«አስር ዓመት ሙሉ መኪናዬን ስታይ የምትሮጠው ምንድን ነው አቦ? ያኔ አጥቂ ብትሆን ኖሮ እኮ ዋንጫ እንበላ ነበር!»

«እግርህ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮን ስረግጥ ያመኛል። እሸኝ።»

«አልችልም፣ ሙክታር። አቁሜያለሁ። ጣቶቼ አልቀዋል፣ ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ማን ጣትህን ፈለገ?» አለና ወንበሩን ራሱ ከጋሪው ላይ አውርዶ ተቀመጠ፤ እኔንም አጠገቡ አስቀመጠኝ። ጫማውን አወለቀ። ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ጭኔ ላይ አደረገው። ቀኙን ነው። ጤነኛውን።

«መጀመሪያ ይሄንን» አለኝ። «ሽማግሌው አርባ ቀን ሙሉ ሲነግሩኝ ከርመዋል። ያን ቀን ይሄኛው ዝም ብሎ አጠገብህ ተኝቶ ነበር፤ እኔም ያዘው አላልኩህም። ልጫወት ፈልጌ ነበራ። ሁለታችንም ነን።»

ያዝኩት። መጫን አልቻልኩም፣ ያዝኩት ብቻ። አጥንቱን ዙሪያውን ዳሰስኩት፤ ቀስ ብዬ ወደ ግራው ዞርኩና እሱንም ያዝኩ። ብረቱ ከቆዳው ሥር ይሰማል። እንባዬ መጣ፤ ልደብቀው አልሞከርኩም። አንድ ሁለት ሹፌሮች ምን ሆነ ብለው ሲጠጉ ሙክታር «ፊታችሁን አዙሩ!» ብሎ ጮኸባቸውና ዞሩ።

ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ረጋ ብሎ ጠየቀኝ።

«ለመሆኑ አማትህ ማን ይባላሉ?»

«አማት የለኝም» አልኩት።